«ይባላል»ን የሰረዝኩበት ምሽት



በዚህ ገጽ ላይ ምንም ሳልጽፍ ወራት አልፈዋል። አንዳንዶቻችሁ «ምነው ጠፋህ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ሌሎቻችሁም «አስፈራርተውት ይሆናል» ብላችሁ ተጨንቃችሁልኛል። ስለ አሳቢነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ማንም አላስፈራራኝም። ርእስም አላጣሁም፤ በዚህች አገር የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አያውቅምና። ዝም ያሰኘኝ ሀፍረት ነው። ባለሥልጣኑን፣ ተቃዋሚውን፣ ጋዜጠኛውንና አክቲቪስቱን በየተራ ስገሥጽበት በኖርኩበት ገጽ ላይ፣ የራሴ ተራ ሲደርስ ብዕሬን ደብቄ መቀመጥ አግባብ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ላወጋችሁ ነው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ትናንት ጤፍና ስንዴ ይታረስበት በነበረ ሜዳ ላይ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ሰፊ ሰፈር ነው። በክረምት ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ያወልቃል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው እስከ አራተኛ ፎቅ ይከተላል። ቤቱ የእኔ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቤ እስከ ዛሬ ዕጣ የምጠብቅ፣ ዕጣ በወጣለት ሰው ቤት በኪራይ የምኖር መምህር ነኝ።

እንደ ብዙ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ እኔና ጎረቤቶቼ በደረጃው ላይ ከምንገናኘው ይልቅ በቴሌግራም የምንገናኘው ይበልጣል። የጥቂት ብሎኮች ሰዎች የተሰባሰብንበት አንድ ግሩፕ አለን፤ ከሁለት መቶ ሰው በላይ ነን። ውሃ መምጣቱ፣ መብራት መጥፋቱ፣ የጥበቃዎች ደመወዝ መዋጮ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የተገኘ የሕፃን ጫማ፣ ሁሉም እዚያ ይነገራል። መንግሥት ስለ እኛ ከሚጽፈው ይልቅ እኛ ስለ እርስ በርሳችን የምንጽፈው ኑሯችንን ይመራዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በአንድ የኅዳር ምሽት፣ ከእራት በኋላ፣ የተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፍ እያረምኩ ነበር። የያዝኩት ብዕር ቀይ ነው። በየገጹ ጠርዝ ላይ «ምንጭህ የታለ?»፣ «ይህን ማን አለ?»፣ «በምን አረጋገጥሽ?» እያልኩ እጽፋለሁ። በዚህ መካከል ከነዋሪዎች ኮሚቴ አንዱ ጎረቤቴ መልእክት ላከልኝ። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይቺን ጽሑፍ ቋንቋዋን ቢያስተካክሉልን፤ ግሩፑ ላይ ልንለጥፋት ነው» ይላል። ከሥሩ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በእጁ የቧንቧ መፍቻ የያዘ፣ ዕድሜው ሃያ የማይሞላ ወጣት፣ ከጎን የተነሣ። ጽሑፉም ይህ ነበር፦ «ይሄ ልጅ በየብሎኩ እየዞረ የውሀ ቆጣሪ ሚፈታው ሌባ ነው ይባላል የሰማህ ላልሰማህ አሰማ»።

አነበብኩት። እንደ ቋንቋ ሰው ፊደሉ ዐይኔን ወጋኝ። «ውሀ»ን «ውሃ» አልኩት፤ «ሚፈታው»ን «የሚፈታ» አልኩት፤ አራት ነጥብ የሚገባበት ቦታ አራት ነጥብ አስገባሁ። «ነው ይባላል» የሚለው አነጋገር ደግሞ ልፍስፍስ መሰለኝ። አንባቢን የሚያወላውል፣ ለማስጠንቀቂያ የማይመጥን ሆኖ ታየኝና ሰረዝኩት። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ «ይህ ግለሰብ በየሕንፃው እየተዘዋወረ የውሃ ቆጣሪ የሚፈታ ሌባ ነው። ነዋሪዎች በጥብቅ እንድትከታተሉት እናሳስባለን።» አማረልኝ። ለጎረቤቴ መልሼ ከምልክለት ብዬም በራሴ ስም ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። በስሜ ፊት «ዶ/ር» የሚል ማዕረግ አለ። ከዚያም ወደ ተማሪዎቼ ጽሑፍ ተመልሼ «ምንጭህ የታለ?» ማለቴን ቀጠልኩ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ከታች ጩኸት ተሰማ። በመስኮት ስመለከት ሰዎች ተከማችተዋል። በስልክ መብራት መሬት ላይ የወደቀ ሰው ያበራሉ። ደረጃውን እንዴት እንደ ወረድኩት አላስታውስም። ስደርስ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ልጁ ላይ ተደፍተው «ኧረ ስለ ፈጣሪ! እኔ ነኝ የጠራሁት! ቆጣሪዬ አልቆጥር ቢለኝ ፈትቶ እንዲያይልኝ እኔ ነኝ የጠራሁት!» ይላሉ። ልጁ የቧንቧ ሠራተኛ ረዳት ነበር። በዚያ ሳምንት በየብሎኩ የዞረው ሥራ ስለ ነበረው ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው ሲፈታ አይቷል፤ ለምን እንደሚፈታ ግን አልጠየቀም። ልጁ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ግራ ክንዱ ተሰብሯል።

አባቶቻችን «ሌባ ሻይ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁም ስክር ብሎ በየመንደሩ እየተንገዳገደ ሲሄድ ከማን ቤት ደጃፍ ከወደቀ ያ ሰው ሌባ ይባላል፤ ይከፍላልም። ልማዱ ከቀረ ብዙ ዘመን አልፎታል። እኛም በክፍል ውስጥ ስናነሣው «ኋላ ቀርነት» እያልን እንስቅበታለን። በዚያች ምሽት ሌባ ሻዩ የእኔ ስልክ ነበረ፤ መድኃኒቱን የበጠበጥኩትም እኔው ነኝ። ልዩነቱ የጥንቱ ልጅ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ መሆኑ፣ የአሁኑ በጥባጭ ደግሞ የፍልስፍና ዶክተር መሆኑ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጁን ፍለጋ ሄድኩ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ በጭቃ ግድግዳ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ክንዱ በጀሶ ታስሯል። ማን እንደሆንኩና ምን እንዳደረግሁ ነገርኩት። እናቱ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አልገባኝም። በዚህ ምድር ላይ ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ የቦታውን ቋንቋ ግን ከሰላምታ ያለፈ አላውቅም። ልጁ «ቡና ሳትጠጣ አትሂድ ነው የምትለው» አለኝ። ቡናው እስኪፈላ ስናወጋ፣ የእኛ ብሎክ ከቆመበት ቦታ ላይ አባቱ ጤፍ ያርሱ እንደነበረ ነገረኝ። አሁን አባቱ በሕይወት የሉም። ይቅርታ ስጠይቀው ምንም ሳይል ቆየና፣ «ጋሼ፣ ጽሑፉን ጓደኛዬ አሳይቶኛል። እኔም ስለ ሌላ ሰው ተጽፎ ባነብበው ኖሮ አምን ነበር» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው ሐቁን ነው የነገረኝ። ብዙ ሂስ ተቀብያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን ደርሶብኝ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ስለ ኢንተርኔት ጽሑፍ ስንወቅስ የኖርነው እኛ ምሁራን ነን የምንባለው ወገኖች፣ ወቀሳችን በአብዛኛው ስለ ጥራት ነው። «ፊደል አያውቁም፤ ሥርዓተ ነጥብ ጠፋ፤ አማርኛው ሞተ» እንላለን። እኔም ብያለሁ። አሁን ግን ጥራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከገዛ ስሕተቴ ተማርኩ። ያ ያልተማረ የሚመስል መልእክት ከእኔው ከታረመው ይበልጥ ጥራት ነበረው፤ ምክንያቱም ውስጡ አንዲት እውነተኛ ቃል ነበረች። እሷም «ይባላል» ናት። ጸሐፊው ያላየውን እንዳላየ፣ የሰማውን እንደሰማ በአንዲት ቃል ተናዝዞ ነበር። እኔ ፊደሉን አርሜ ኑዛዜውን ሰረዝኩበት። አንባቢውም ሊጠራጠርባት የሚችልባትን ያቺን ቀዳዳ ደፈንኩበት። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል የአገራችን ሰው። እኔ የጨመርኩበት ማዕረግና አራት ነጥብ ነው።

በመልእክቱ መጨረሻ ላይ የነበረውን «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለውን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ይህ የዐዋጅ ነጋሪው ቃል ነው። ነጋሪት ተጎስሞ ዐዋጅ ሲነገር ግን ዐዋጁ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ቃሉ ቢከፋም ቢበጅም ባለቤት አለው። ዛሬ ነጋሪቱ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ የዐዋጁ ባለቤት ግን ጠፍቷል። ስሙ ባለበት ቦታም የባሰ ሊሆን ይችላል፤ በእኔ ምሽት ስሜና ማዕረጌ የማስረጃን ቦታ ተክተው ቆመዋልና።

ይህን ስል ግን «ሕዝብ መጻፉ ነው ጥፋቱ» ለሚሉት ወገኖች በር እንዳልከፍት እጠነቀቃለሁ። ነገሥታቱ እንኳ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የእረኛ እንጉርጉሮ የዘመኑ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ነበርና። ተራው ሰው በየዕለቱ የሚጽፈው ጽሑፍ የዛሬው እረኛ ነው። ድምፁም በቀላሉ አልተገኘም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፎንት የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሰው ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ብዙዎቻችንም አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፍን ዓመታት አሳልፈናል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሞባይል አጭር መልእክት መላላክ ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ተዘግቶ ቆየ። በግንቦት 1998 ደግሞ የፖለቲካ ጦማሮች ከአገር ውስጥ እንዳይከፈቱ ተደረጉ።

«ጦማር» የሚለውን የግዕዝ ቃል ከመዝገብ አንሥተው ካለመዱን መካከል በ2004 የተሰባሰቡት የዞን ዘጠኝ ወጣቶች ይገኙበታል። «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚለው መፈክራቸው የሚታወስ ነው። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ አባላት ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በሽብርም ተከሰሱ። ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ከቆዩ በኋላ የአንዳንዶቹ ክስ ተቋረጠ፤ ሌሎቹንም ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ዛሬ በጣታችን ጫፍ የምንወረውረው ቃል ሰው የታሰረበት መሆኑን መርሳት የለብንም። ዋጋ የተከፈለበትን ነገር በከንቱ መበተን ከዘጊው ጋር መተባበር ነው።

ወደ ሰፈሬ ልመልሳችሁ። የካቲት 27 ቀን 2011 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር 51,229 የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ አወጣ፤ 32,653ቱ የ20/80፣ 18,576ቱ የ40/60 ነበሩ። ብዙዎቹ ቤቶች የተሠሩት እዚሁ ኮዬ ፈጬ ነው። ቦታው የማን ነው የሚለው ጥያቄ በማግሥቱ ፈነዳ። በኦሮሚያ ከተሞች የተቃውሞ ሰልፍ ወጣ፤ የክልሉ መንግሥትም የወሰኑ ጉዳይ ሳይፈታ ቤቶቹ መተላለፋቸውን እንደማይቀበል አስታወቀ። የወሰኑን ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተቋቋመ።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ፌስቡክ ሳነብ የሰነበትኩ አንዱ እኔ ነኝ። በአማርኛ ያለው ጽሑፍ «ከተማችን» ይላል፤ በሌላ በኩል ያለው «መሬታችን» ይላል። «ሊወሩን ነው» የማይል አልነበረም፤ ወራሪው ብቻ ይለዋወጣል። ዛሬ እዚህ እየኖርኩ ያን ሳምንት ሳስታውስ የሚገርመኝ የተጻፈው ሳይሆን ያልተጻፈው ነው። ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ «ይህን ያህል ሄክታር አርስ ነበር፤ በዚህ ቀን ተነሣሁ፤ ካሳዬ ይህን ያህል ነበር፤ አሁን የምኖረው እንዲህ ነው» የሚል የአንድ ገበሬ ቃል አላገኘሁም። «ከ1997 ጀምሬ ተመዝግቤ፣ ከደመወዜ እየቀነስኩ በየወሩ ይህን ያህል ቆጥቤ፣ ልጆቼ በኪራይ ቤት አደጉ» የሚል የአንዲት ቆጣቢ ደብተርም አላየሁም። ጥርሱ የወለቀው ልጅ አባት በዚያ የቃል ጎርፍ ውስጥ አልነበሩም። ዛሬ የምከራይበት ቤት ባለቤትም አልነበረችም። ሁለቱ አንድ ቦታ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ኖሮ የተበደሉት በአንድ ዓይነት አሠራር እንደሆነ ይደርሱበት ነበር ብዬ አምናለሁ። የእነሱን ኑሮ የማያውቁ፣ ቦታውን በፎቶግራፍ ያዩ ሰዎች ግን በስማቸው ተጻጻፉ።

የዕለት ተዕለት ጽሑፍ እያልን ዕለት ተዕለቱን የዘለልነው ይመስለኛል። ያየነውን ትተን የሰማነውን እንጽፋለን። ስለ ውሃ ወረፋችን የምንጽፈው አፍረን ነው፤ ስለ ሕዝቦች ዕጣ ፈንታ ግን በድፍረት። ከዚያም የሕዝቡ ነገር ወደ ሰፈር ይወርድና ጥርስ ያወልቃል። በእኔው ግሩፕ ውስጥ ያ ልጅ በተደበደበ ማታ፣ እውነቱ ከመታወቁ በፊት፣ «ሌባው» የተባለው ልጅ በጥቂት መልእክቶች ውስጥ «እነሱ» ተብሎ ነበር። ማን «እነሱ» እንደሆኑ ማብራራት አላስፈለገም፤ ከዚያ በፊት ያነበብነው አዘጋጅቶን ነበርና።

ከዚህ የከፋውም ደርሷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ ላይ ከውንጀላ ጋር ሲዘዋወር ቆይቶ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ቢያመለክትም በጊዜ አልሰሙትም። በታኅሣሥ 2015 ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። በመጋቢት 2017ም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ኩባንያው ይጠየቅ፤ ይገባዋል። እኔን ግን አንድ ነገር እረፍት ይነሣኛል። እነዚያን ጽሑፎች የጻፏቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። «እንዲህ ነው እንዴ?» እያሉ ያጋሯቸው ግን ብዙዎች መሆን አለባቸው። ከአጋሪዎቹ መካከል እንደ እኔ ያለ፣ ማታ ማታ የተማሪ ጽሑፍ የሚያርም መምህር አልነበረም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

መንግሥትስ ምን አደረገ? የሚያውቀው መድኃኒት ሁለት ነው። አንዱ መብራቱን ማጥፋት ነው። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ ሲወጣ፣ ድጋሚው ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። በሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ከአገሪቱ ጠፋ። ሁለተኛው መድኃኒት ሕግ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። የእኔ ግሩፕ ከሁለት መቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለሁለት ጥርስና ለአንድ ክንድ ያ በቂ ነበር። ሕጉ የጆሮ ብዛት ይቆጥራል፤ ዱላው ግን ቅርብ ያለውን ሰው ነው የሚሰማው።

የመንግሥትን ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ልጨምር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ከ25 ሺህ ለሚበልጡ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። ወዲያው «ተጭበርብሯል» የሚል ጽሑፍ በየቦታው ተነሣ። እኛ ጨዋዎቹ «የተለመደ አሉባልታ ነው፤ ያልደረሰው ሁሉ ያማርራል» አልን። ብዙም ሳይቆይ ራሱ የከተማው አስተዳደር መረጃው መነካካቱን አምኖ ዕጣውን ሰረዘው፤ የተጠረጠሩም ታሰሩ። በሬ ወለደ የተባለው ወሬ እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ታዲያ አንባቢ ከዚህ ምን ይማር? ወሬን አትመን ብንለው የዕጣውን ነገር ያነሣብናል። እመን ብንለው ደግሞ ልጁ አለ።

የወሬ ገበያ የሚደራው የመንግሥት ጽሑፍ ጥራት ሲጎድለው ነው። ክፍለ ከተማችን የሚያወጣቸውን ማስታወቂያዎች አንብቡ፦ «ዘርፈ ብዙ ችግሮችን በተጠናከረ መልኩ ለመፍታት አቅጣጫ ተቀምጦ ወደ ሥራ ተገብቷል።» ፊደሉ የጸዳ ነው፤ ነጥቡ በቦታው ነው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት የሚባል ነገር ግን አንድም የለበትም። ውሃ መቼ እንደሚመጣ የማይነግር ማስታወቂያ ለቆጣሪ ሌባ ወሬ ቦታ ይለቃል። የእኔ የታረመ መልእክትም ከዚህ ጽሑፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ «በጥብቅ እንድትከታተሉት እናሳስባለን» ብዬ የለ! እናሳስባለን ያልኩት ማነኝና ነው?

መልካሙን ጽሑፍ ያገኘሁት እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነው፤ ለዓመታት ዐይኔ ሥር ሆኖ ሳላየው ቀርቼ። አንደኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ፤ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። እኒህ ሴት በየቀኑ ግሩፑ ላይ አንድ መስመር ይጽፋሉ። «ማክሰኞ። ውሃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መጣ፤ 11 ሰዓት ተኩል ሄደ። ራሴ ቀድቻለሁ።» «ረቡዕ። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ቤት አልነበርኩም፤ አላውቅም።» «ዓርብ። ብሎክ ማዶ መጥቷል አሉ፤ እኔ አላየሁም።» እኔ ይህን «የሴትዮዋ የውሃ ወሬ» እያልኩ ሳላነብ አልፈው ነበር። ባለፈው ክረምት ኮሚቴው የአምስት ወሩን መስመር በሙሉ ገልብጦ ወደሚመለከተው ቢሮ ይዞ ሄደ። ኃላፊው ሊከራከር ሞከረ፤ ቀንና ሰዓት ሲነበብለት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በተራ ይመጣልናል። ብዙ አይደለም፤ ግን የጽሑፍ ፍሬ ነው። እኔ በዚህ ገጽ ላይ ስንት ዓመት ጽፌ አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቼ አላውቅም።

የእኒያን እናት መስመር በመምህር ዐይን መረመርኩት። ቀን አለው፤ ሰዓት አለው፤ ምስክር አለው። ያዩትን «ራሴ» ይላሉ፤ የሰሙትን «አሉ» ይላሉ፤ የማያውቁትን «አላውቅም» ይላሉ። ተማሪዎቼን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለማስተማር የምደክምበትን ነገር እሳቸው በምጣዱ ጭስ መካከል ያደርጉታል። አንድ ቀን በደረጃው ላይ አግኝቻቸው «እትዬ፣ እንደ እርስዎ መጻፍ ማን አስተማረዎት?» ብላቸው ሳቁና፣ «ምን መጻፍ አለው ዶክተር፤ ሰው ባልዲ ይዞ በሌሊት እንዳይወርድ ብዬ ነው እንጂ። ብዋሽ ጎረቤቴ በብርድ ቆሞ ይረግመኛል» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። እሳቸው አንባቢያቸውን ያውቁታል፤ ባልዲ ይዞ ሲወርድ ያዩታል። እኔ ያን ልጅ አላየሁትም ነበር፤ ፎቶግራፍ ነበረ።

ለልጁ የሕክምናውን ወጪ ከፍያለሁ፤ ጥርሱንም ለማስተካከል እየሞከርን ነው። ይህን የምጽፈው እንድትመርቁኝ አይደለም፤ ግዴታዬ ስለሆነ ነው። ግሩፑ ላይ ጥፋቴን በዝርዝር ጽፌ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ነገር ግን ልነግራችሁ የምወደው አንድ መራራ ነገር አለ። የመጀመሪያው መልእክቴ በዚያች ማታ እኔ ብቻ በማውቀው ወደ አራት ሌሎች የሰፈር ግሩፖች ተላልፏል። የይቅርታ ጽሑፌን ወደ የትኛውም ያስተላለፈ ሰው አላገኘሁም። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ማለት ይህ ነው። እኔው ራሴ በየግሩፑ እየዞርኩ ለጠፍኩት። በአንዱ ውስጥ አንድ ሰው «እና አሁን ማንን እንመን?» ብሎ ጻፈብኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ግሩፓችን ውስጥ አንድ ልማድ ለምደናል። ደንብ አይደለም፤ ማንም አልወሰነውም። አንድ ሰው ነገር ሲለጥፍ ከሥሩ አንዱ «ማን አየ?» ብሎ ይጽፋል። «እኔ» የሚል ከመጣ ይቀጥላል፤ ካልመጣ ነገሩ እዚያው ይቀዘቅዛል። አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ አይሠራም። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ነገር እኔም በችኮላ ስጽፍ እንጀራ ሻጯ እናት «ዶክተር፣ አይተውት ነው?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። አጠፋሁት።

በተማሪዎቼ ጽሑፍ ላይ ቀይ ብዕሬን ማሳረፌን አልተውኩም፤ «ይባላል» የሚል ሳገኝ ግን እንደ ቀድሞው አልሰርዘውም። ከጎኑ «በማን?» ብዬ እጽፍበታለሁ።

በዚህ ገጽ ላይም ከእንግዲህ ባላየሁት ነገር ላይ ያየሁ መስዬ ብገኝ፣ «ማን አየ?» ብላችሁ እንድትጠይቁኝ አደራ እላለሁ።

ቸር ያሰንብተን።